ለብቻ የቀረበ ሰሃን

መምህር ቢያድግልኝ ጋፋት አጠገብ ከገበሬው ከአቶ ይሻው ግቢ ተከራይቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰውዬው ጋር ከአንድ ገበታ ቆርሷል። ዛሬ ጠዋት እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ "ቡር ማለት ባለጌ ነው፤ ድሮ ትርጉሙ ገበሬ ነበር። ያው ነው!" ብሎ ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የይሻው ልጅ ሃና ሳትስቅ ደብተሯ ላይ ጻፈችውና ቀድማው ቤት ገባች።

ለምሳ ሲመለስ የይሻው ወንድሞች ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታውን የመለሰ የለም። ይሻው ግን ተነሡለት፤ እጁን አስታጠቡት፤ ለብቻው በሰሃን አቀረቡለት።

"ጋሼ፣ እርስዎስ?"

አንተ ይሉት የነበሩት ሰው ዛሬ አንቱ አሉት።

"ይብሉ መምህር። ገበሬ እንግዳውን ቤቱ ውስጥ አይነካም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ባለጌ ነን።"