የአውራ ዶሮው ጨረታ

በሁምቦ ቆላ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት የተነሳነው ሶዶ የምናስተምር ጥቂት መምህራን ነበርን። መጻሕፍቱን ከየቤቱና ከየትምህርት ቤቱ ለምነን አገኘን። ቀበሌው ደግሞ የድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ሰጠን። መጋዘኑ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበረውም። ቆርቆሮውን ነፋስ ወሰደው የሚሉ አሉ፤ ሰው ወሰደው የሚሉም አሉ። የጣሪያው ወጪ ከሕዝቡ ይዋጣ ተባለና፣ ወላይትኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ስለሆነ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስረዳቱ ለእኔ ደረሰ።

ደስ ብሎት የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ቤት አባወራ በቆሎ እየፈለፈለ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ለውኃ ብላችሁ ሰበሰባችሁ። ውኃው የታለ?» አለኝ።

«እኔ የውኃ ሰው አይደለሁም። መምህርት ነኝ።»

«ያኔ የመጣውም እንዳንቺ ቦርሳ ያንጠለጠለ ነበር።»

ቀጥሎ ያለችው ሴት ውሻዋን ሳትይዝልኝ ከደጅ አቆመችኝ። «ልጆቼ ቢያነቡም ባያነቡም ሶዶ ወርደው ባጃጅ ነው የሚነዱት» ብላ ገባች። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቤቶች ስደርስ በር ይዘጋ ጀመር። ለእነሱ ልጆች በዚያ ሐሩር እየተንከራተትኩ እንደ ሌባ መታየቴ አንገበገበኝ። ሶዶ ተመልሼ ለባልደረቦቼ፣ «ይቅርባቸው! ማይምነታቸውን ታቅፈው ይቀመጡ» አልኳቸው። ሲሉኝ የዋሉትን መመለስ ነበር ያማረኝ።

መላውን ያመጡት የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። «ሰው ለንግግር አይሰጥም፤ ለጨረታ ግን ይሰጣል። እሑድን ለእኔ ተዉት» አሉን። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አንድ ሸክም ጎደሬ ወይም አንድ ዶሮ ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈው ይከፍልና ዕቃውን መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይሸጣል። እሳቸው በዚህ የተካኑ ነበሩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሕዝቡ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ሽማግሌው እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ አነሱ። መጀመሪያ ሰው እየሳቀ ትንሽ ትንሽ ይጨምር ነበር። ከዚያ አንድ ረጅም ገበሬ አሸነፈና ዶሮውን ለቤተ መጻሕፍቱ መልሶ ሰጠ። ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሳይበርድ ባርኔጣ ያደረገ ሌላ ገበሬ ከኋላ ብድግ አለ።

የሁለቱን ነገር የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ድንበርተኞች ናቸው። በማሳቸው መሃል በሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ተጣልተው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተካሰዋል፤ በሽማግሌ ተይዘውም አልታረቁም። ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት።

ባለባርኔጣው አሸነፈ፤ እሱም መልሶ ሰጠ። ሽማግሌው ወደ ረጅሙ ዞረው፣ «እህ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ሊበልጥህ ነው?» አሉት። ረጅሙ ተነሳ። እንዲህ እየተባባሉ ዶሮው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ።

«ቦዬን በሰረቅህበት እጅህ ነው የምትሰጠው?» አለ ረጅሙ።

«እጄን ተወውና ኪስህን አሳየን!»

ሽማግሌው ያልሰሙ መስለው ዋጋ መጥራታቸውን ቀጠሉ። ተነስቼ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና፣ «አባቴ፣ ይበቃል» አልኳቸው።

«ቆርቆሮው ሞላ?»

«ሳይሞላ አይቀርም።»

«ሚስማሩስ?» ብለው ዶሮውን ከፍ አደረጉት።

ያበቃው ባለባርኔጣው ሰዉን ሁሉ ያስደነገጠ ዋጋ ሲጠራ ነው። ረጅሙ መሬት ላይ ምራቁን ተፍቶ ተቀመጠ። ሁለቱም በየተራ ላሸነፉት ሁሉ መክፈል ነበረባቸው፤ ደግሞም ከፈሉ። ከየት አምጥተው እንደከፈሉ ያወቅሁት ቆርቆሮው ተገዝቶ ከተመታ በኋላ ነው።

አንድ ቀን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጥበቃ ሴት ትፈልግሻለች ብሎ ጠራኝ። በሩ ላይ የቆመችው በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ነበረች። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

«በሬዬን አምጪ» አለችኝ በወላይትኛ።

«የምን በሬ?»

«ባሌ ዶሮ የገዛበትን።»

የባለባርኔጣው ሚስት መሆኗ ያኔ ገባኝ። ባሏ ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ገበያ አውጥቶ ሸጧል። ረጅሙም እንደዚያው።

«እኔ ሽጥ አላልኩትም» አልኳት።

«ስታጨበጭቢ ግን አይቼሻለሁ። አሁን ዝናብ ሲመጣ አንተን ከበሬው ጋር ልጠምድህ ነው አልኩት። አንቺንም ልጥመድሽ?»

«ገንዘቡ ጣሪያ ላይ ነው፤ የምመልስልሽ የለኝም። እልኸኛ ባልሽን ጠይቂ!»

ተማሪዎች በመስኮት ያዩን ነበር። «ባሌንማ ጠይቄዋለሁ» አለችና እግሬ ሥር ያለውን አፈር በጫማዋ ጠርጋብኝ ሄደች። ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንደኛው እናዋጣና እንመልስላት አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ለአንዷ ከመለስን ሁሉም ይመጣል አልኩ፤ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።

ዝናቡ ዘነበ። ሁለቱ ቤቶች አንድ አንድ በሬ ይዘው ቀሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያሉ ጎረቤታሞች መቀናጆ ገብተው፣ በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ያርሱ ነበር። ወንዶቹ ግን ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይነጋገሩም። መሬቱን በመቆፈሪያ ይፈነቅሉ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ማለዳ የረጅሙ ሚስት በሬያቸውን ራሷ እየነዳች ቦዩን ተሻግራ ከጠላት ደጅ አቆመችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። «ሁለቱ ሴቶች ተስማሙ፤ የተስማሙት ግን አንቺን በመርገም ነው» አለኝ። ወንዶቹ በየተራ አረሱ፤ አንዱ ሲያርስ ሌላው ከደጁ ቆሞ በሬውን ይጠብቅ ነበር እንጂ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ምርቃቱ ዕለት ከወረዳ የመጣ ባለሥልጣን ለጋስ ገበሬዎች እያለ አመሰገናቸውና ለፎቶ እንዲጨባበጡ ጠየቀ። ሁለቱም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በግራና በቀኙ ቆመው ወደ ተለያየ አቅጣጫ እያዩ ፎቶ ተነሱ። ሚስቶቻቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የባለባርኔጣው ሚስት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ቤቱ የእኛ ነው። ልጆቻችን ይገባሉ፤ እሷ ስትመጣ ግን አንኳኩታ ትግባ» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ልጆቹ ግን በእርግጥ ገቡ። የሁለቱም ቤት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው የእንስሳት ሥዕል ሲያገላብጡ አየሁና ወጣሁ።

ወደ ሶዶ የሚመልሰኝ ሞተር ጋ ስደርስ ሽማግሌው ከኋላዬ መጡ። «አየሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ሠራው» አሉኝ።

«እግዚአብሔር በእልህ አይሠራም፤ የሠሩት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጨረታ እንዳያካሂዱ።»

«ቦምቤዎች ጠርተውኛል» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እዚያም ቤተ መጻሕፍት ጀምረዋል።»

ሳልሰናበታቸው ሞተሩ ላይ ወጣሁና ባለሞተሩን ንዳ አልኩት።