እርጥብ ጨው

ለአርበኛ ስንቅ ልካለች ተብዬ በክረምት ደብረ ማርቆስ ታሰርኩ። የጣሊያን ዘብ የከተተኝ ክፍል ጣራው ያፈሳል፤ ደረቁ ቦታ ለአራታችን እንኳ አይበቃም። ከመካከላችን አንዷ በጅራፍ ተገርፋ ጀርባዋ ቆስሎ ስለነበር በጨው ውኃ እናጥባታለን። ጨዋችንን በጨርቅ ቋጥረን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እንሸጉጣለን። እርስ በርስ አንተማመንም። ስለዚህ ከእንጨትና ከቅል ስባሪ ሚዛን ሠራን፤ ለቁስሏ በቀነስን ቁጥር የቀረውን የሚያህል ድንጋይ መዝነን እናስቀምጣለን።

ከዚያ ከአምበር አንዲት ነጋዴ ሴት አመጡ። ልብሷ ንጹሕ ነው፤ ዱላ ያረፈባት አትመስልም።

«ጣሊያን ጆሮውን ላከብን» አለች በዕድሜ የምትበልጠን ሴት። ስለ አርበኛ ማውራት ተውን።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። ነጋዴዋ ማንም ሳያዛት ጨውን መስኮቱ ላይ አሰጣችው። ከሰዓት በኋላ ስንመዝን ድንጋዩ ወረደ፤ ጨው ወደ ላይ ተሰቀለ።

«ሰላይነቷ ሳያንስ ሌባ!» አለች ትልቋ። «በቁስለኛ ጨው!»

«እትዬ፣ በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አልነካሁም። ስለደረቀ ነው የቀለለ።»

«አፍሽም እንዲሁ ይድረቅ!»

ምንጣፏን ጎትተው ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ወረወሩት። እኔም አላመንኳትም። ሳይጣራ ሲፈረድ ማየት ግን አልችልም።

«ጨው ወደ እርጥቡ ግድግዳ ይመለስ። ቋጠሮውን አንቺው እሰሪው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግመን እንመዝናለን» አልኳት ትልቋን።

«ጠበቃ ቆምሽላት?»

«አልወዳትም። ግን ይጣራ።»

ዝናቡ ተመለሰ። ቋጠሮው እንደታሰረ ነው። መዘንነው፤ እርጥበቱን መልሶ ጠጥቶ ከድንጋዩ እኩል ሆነ።

«ነፋስ ነው የገፋው» አለች ትልቋ።

መስኮቱን በነጠላዬ ጋረድኩ። እንጨቱ አድልቶ እንዳይሆንም ግራና ቀኙን አለዋውጬ ደገምኩት። እኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ጨው ሳይደርቅ አንመዝንም ተባባልን።

ይቅርታ ያላት ሰው የለም። ምንጣፏን ራሴ አንሥቼ ከጎኔ አነጠፍኩት። ቦታው ጠባብ ነውና የኔው ምንጣፍ ጠርዝ ፍሳሹ ውስጥ ገባ።

እሷ ቀድማ ተፈታች። ስትወጣ ጎንበስ ብላ፣ «እቴ፣ ለቤትሽ መልእክት ላድርስልሽ? ቀዬሽ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ቤት የለኝም» ብዬ ዋሸኋት።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ «ሰላይ ነበረች ወይ?» እያሉ ይነዘንዙኛል። አላውቅም። ሌባ ግን አልነበረችም፤ ይህን ማንም ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ።