የፊደንሲዮ ቦቴና የማዋለጃው ገንዳ

ፊደንሲዮ ኦዲሊያን መጀመሪያ ያያት ከቦቴው መስኮት ነው። ኢስታፓላፓ በሚባለው ሰፈር ኮረብታ ላይ፣ ከፊቱ የቆመው ጭነት መኪና መንገድ እስኪለቅለት ሲጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ፎጣ አገልድመው፣ ከራስ እስከ እግራቸው ሳሙና ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በዳበሳ ከቤታቸው ወጡ። ገላቸውን እየታጠቡ ውሃው ተቋርጦባቸዋል።

"ኧረ የሰው ያለህ! ዓይኔ ነደደ!" ይላሉ።

ሰው ሁሉ ያያል፤ ውሃ ያለው ግን አልተገኘም። ጥግ ላይ የከርከዴ ጭማቂ የምትሸጥ ልጅ ነበረች፤ ኦዲሊያ ናት። ብርጭቆ የምታለቀልቅበትን ውሃ አንስታ ዓይናቸውን አጠበችላቸው። ያም አለቀ። ጥቂት አሰበችና፣ የዕለት ገበያዋን፣ ያን ትልቅ ገንቦ ከርከዴ እንዳለ በራሳቸው ላይ ገለበጠችው። ሽማግሌው ቀልተውና ጣፍጠው፣ እየመረቋት ወደ ቤታቸው ገቡ። ንቦችም ተከተሏቸው።

ፊደንሲዮ ከጀርባው አንድ ሙሉ ቦቴ ውሃ ጭኖ እንደተቀመጠ ትዝ ያለው መንገዱ ተከፍቶ ሁለት ሰፈር ካለፈ በኋላ ነው። በማግስቱ ከርከዴ ሊጠጣ የሄደው ከሐፍረቱ የተነሣ ነበር። በሳምንቱ የሄደው ግን ከሐፍረት አልነበረም። እግዚአብሔር ሲያገናኝ አንዳንዴ ሳሙናም ይበቃዋል።

ሲጋቡ የኮረብታው ሰው "ኦዲሊያ ታደለች፣ ውሃ አገባች" አለ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የቦቴ ውሃ ተራ አለው፤ ተራውን የምትጠብቀው ደግሞ የኦዲሊያ እናት፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶኛ፣ ማለት ወይዘሮ፣ ታይዴ ናት። ዶኛ ታይዴ ለልጇ ስትል አንድ ባልዲ የምታስቀድም ሴት አይደለችም። እንዲያውም ከልጇ ድርሻ አንድ ባልዲ ታጎድላለች፣ ሰው እንዳይጠረጥራት። ኦዲሊያ እንደ ሰፈሯ ልጅ ሁሉ ከባልዲ በጣሳ እየቀዳች ታጥባ አደገች። ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጥቶባት አያውቅም።

የመጀመሪያ ልጃቸውን በጀርባዋ ተንጋላ፣ ብዙ ተጨንቃ ወለደች። ሁለተኛውን አርግዛ ለምርመራ ሆስፒታል ስትሄድ አንድ በር ተከፍቶ አየች። ውስጡ ሰማያዊ ገንዳ አለ፤ ሰፊና ጥልቅ ነው፤ ለመውጫና ለመውረጃ ደረጃ ተሠርቶለታል።

"እዚህ ማን ይታጠባል?" አለቻት አዋላጇን።

"ማንም አይታጠብም። ይወለድበታል።"

ኦዲሊያ የዚያን ቀን እራት አልበላችም። "ፊዴ፣ እዚያ ውስጥ ካልሆነ አልወልድም" አለችው።

ፊደንሲዮ ሳቀ። "ውሃ ካጣሽ እኔ የምን ሹፌር ነኝ?" አላት። ሰው ሲስቅ የሚገባው ቃል ኪዳን ከሁሉ ይከብዳል።

አዋላጇ ሃሲንታ ትባላለች። ውሃ ውስጥ መውለድ ለሚፈልጉ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው ትምህርት ትሰጣለች። ፊደንሲዮና ኦዲሊያ ሲሄዱ ዶኛ ታይዴ ሳትጠራ ተከተለች።

"ጤነኛ እርግዝና፣ ጊዜው የደረሰ፣ አንድ ልጅ ብቻ፣ ጭንቅላቱም ወደ ታች የሆነ" አለች ሃሲንታ። "ይህን ያላሟላች ገንዳው ውስጥ አትገባም። ውሃው እስከ ጡት ይደርሳል፤ ሙቀቱም እንደ ሰውነታችሁ ነው። ምጡን አያጠፋውም፤ ያቀለዋል። ክብደታችሁን ስለሚሸከምላችሁ እንደፈለጋችሁ ትንበረከካላችሁ፣ ትገላበጣላችሁ። የልጁን ልብ ውሃ በማያበላሸው መሣሪያ በየጊዜው አዳምጣለሁ። ያላማረኝ ነገር ካለ 'ውጪ' እላለሁ። ያን ጊዜ ክርክር የለም።"

"ልጁ አይሰምጥም?" አለ ፊደንሲዮ።

"እስካሁን የት የተቀመጠ መሰለህ? ፊቱን አየር እስኪነካው አይተነፍስም። እኔም እንደወጣ ቀስ አድርጌ አነሣዋለሁ።"

ዶኛ ታይዴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየች። "ያ ወንፊት ምን ያደርጋል?"

"ሴት ስታምጥ ከልጁ ሌላም የሚወጣ ነገር አለ።"

"ምን?"

"ዶኛ ታይዴ፣ እርስዎም እኮ ወልደዋል።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዶኛ ታይዴ ግን አልሳቀችም። ዋናው ጥያቄዋ ገና ነበር።

"በመጨረሻ ውሃው የት ይሄዳል?"

"ወደ ፍሳሽ ነዋ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እርጉዝ አማተበች።

"ሁሉም?" አለች ዶኛ ታይዴ።

"ሁሉም።"

"ለሽንት ቤት እንኳ?"

"ደም አለበት እናቴ። ጠብታው ከዚህ አይወጣም።"

የዚያን ለታ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ደረሰ። "ኦዲሊያ አንድ ገንዳ ሙሉ ልትደፋ ነው!" ሴቶቹ ሲያገኟት "እንደ ዓሣ ክንፍ አወጣሽ ወይስ ገና ነው?" ይሏታል። "ልጁን በመረብ ነው የምታጠምጂው?" ይሏታል። ዶኛ ታይዴ በኮሚቴው ፊት ቆማ "ልጄ ናት፤ ግን ኮረብታው ከልጄ ይበልጣል። በዚያ ውሃ ስንት ቤት ባቄላ ይቀቀል ነበር!" አለች። ኦዲሊያ ግን ሆዷን ይዛ ታልፋለች።

ምጡ በቅዳም ስዑር ጠዋት መጣ። ኦዲሊያ "ለእማዬ እንዳትነግራት ማልልኝ" አለችና ባዶው ቦቴ ላይ ወጣች፤ ፊደንሲዮ እየነዳ አደረሳት። ሃሲንታ መረመረቻት። ልጁ ደህና፣ ማህፀኗም በደንብ እየተከፈተ ነው። ችግሩ ገንዳው ነበር። ዋናው የከተማው ቧንቧ በበዓሉ ለጥገና ተዘግቷል፤ ሆስፒታሉ ያጠራቀመው ውሃ ለቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

"ደርቋል የኔ ቆንጆ። አልጋውም ደግ ነው፤ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" አለቻት።

ኦዲሊያ አላለቀሰችም። ጫማዋን አወለቀች፤ ደረጃውን ወረደች፤ ደረቁ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠችና ጠርዙን ጨበጠች።

"ሂድ" አለችው ባሏን።

"የታከመ ውሃ ይሁን!" ብላ ጮኸችበት ሃሲንታ ከኋላው። "እኔ ሳልመረምረው ጣትም አታስነካውም!"

ፊደንሲዮ የታከመ ውሃ ከሚቀዳበት የጉድጓድ ጣቢያ ሞልቶ ተመለሰ። ሲመለስ የኮረብታውን ሥር ማለፍ ነበረበት። ውሃ በጠፋበት ቀን ቦቴ ሙሉ መሆኑ በክብደት ከተጫነው ጎማው ይታወቃል። ሴቶቹ በርሜል አንከባለው መንገዱን ዘጉት። ከፊት ዶኛ ታይዴ፣ ከአጠገቧም ባሏ ኤልፒዲዮ ቆመዋል። ኤልፒዲዮ ትናንት ሰፈሩ ባሳየው የስቅለት ትርኢት ከክርስቶስ በቀኝ የሚሰቀለውን ወንበዴ ሆኖ ሠርቷል። ውሃ ስለሌለ አልታጠበም፤ የትናንቱ ደም፣ ማለት ቀለሙ፣ ከግንባሩ እስከ ጉልበቱ እንዳለ ነው።

"የውሃውን ጎማ ዘርጋ" አለች ዶኛ ታይዴ።

"አይሆንም። የኦዲሊያ ነው። ምጥ ይዟታል።"

"ዛሬ ያስቆምነው ሹፌር ሁሉ 'ሚስቴ ምጥ ላይ ናት' ይላል። ልጆች እንደ በዓሉ ልማድ በጣሳ ሲረጩ ፖሊስ ያባርራቸዋል፤ ያንተ ሚስት በቦቴ ልትታጠብ?"

"ያንቺ ልጅ ናት እኮ!"

"ልጄ ብትሆን ትነግረኝ ነበር።"

"እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው!"

ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ አመኑት። ዶኛ ታይዴም ያመነች መሰለች፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። "በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አለችና ባልዲዋን ይዛ ቦቴው ላይ ወጣች። ሌሎቹም ውሃው የት እንደሚደፋ ለመመስከር እያንዳንዳቸው ባልዲያቸውን ይዘው ተንጠላጠሉ። ቦቴው በዚያ ቀን ኢስታፓላፓን የተሻገረው ላዩ ላይ አሥር ሴትና አንድ ወንበዴ ተሸክሞ ነው።

የሆስፒታሉ ዘበኛ እጁን ዘረጋ። "ቦቴ በዚህ አይገባም። የዕቃው በር ደግሞ ለበዓል ተዘግቷል። ሰኞ ኑ።"

"ሰኞ? ልጁን ሰኞ ና ልበለው?" አለ ፊደንሲዮ።

ነገሩ በዚያው ሊቀር ነበር። ኤልፒዲዮ ለማስታረቅ ብሎ ከቦቴው ወረደ። ዘበኛው አየው።

"ማርያም እናቴ! ተሽከርካሪ ወንበር! በሩን ክፈቱ!"

"ቀለም ነው" አለ ኤልፒዲዮ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ አትናገር። ደምህ ይፈሳል።" ሁለት ሰዎች አፋፍሰው ወሰዱት። በሩም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቦቴው ገባ። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ለሌላው በር ሲከፍት ያን ቀን አየን።

የውሃው ጎማ ከግቢው እስከ ኮሪደሩ መግቢያ ደርሶ አለቀ። ከዚያ እስከ ማዋለጃው ክፍል ረጅም ኮሪደር አለ። ሃሲንታ ውሃውን መረመረች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ አሥሩን ባልዲና አሥሩን ሴቶች አየች።

"እጃችሁን ታጠቡና ተሰለፉ" አለች።

ውሃው ሲደፋ ሊመሰክሩ የመጡ ሴቶች ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ ጀመሩ። ግማሹ ባልዲ በወጥ ቤቱ በኩል ይዞራል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ለትንሣኤ ታማል፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ፣ ሊቀቅሉበት ያዘጋጁትን ድስት አጥበው ያሞቁበታል። እያንዳንዷ ሴት ክርኗን ከትታ ትፈርዳለች።

"ቀዝቅዟል!"

"ምን ቀዝቅዟል፣ ዶሮ ይነጭበታል!"

"ያንቺ ክርን የጫማ ቆዳ ነው እንዴ?"

"ክርናችሁን አውጡልኝ!" አለች ሃሲንታ ከበሩ፣ ሙቀት መለኪያዋን እያወዛወዘች። "የሰውነት ሙቀት ነው ያልኩት፤ ሾርባ አላዘዝኩም!"

ውስጥ ኦዲሊያ ጠርዙን ይዛ ታምጣለች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። ጉልበቷ ላይ ደረሰ፤ ወገቧ ላይ ወጣ። ከዚያ ዝም አለች። ፊደንሲዮ ደነገጠ፤ ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና ዝም ትላለች ብሎ አልጠበቀም።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ክብደቴ ጠፋ" አለች በሹክሹክታ። "ፊዴ፣ ሰው ውሃ ውስጥ እንዲህ ነው የሚሆነው? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

ቀጣዩ ምጥ መጣና ጆሮውን ይዛ ጎተተችው። ያም ቢሆን ከበፊቱ የተሻለ ነው አለችው በኋላ፤ ጆሮው ግን አይስማማም።

አጃቢ አንድ ብቻ ስለሚፈቀድ ዶኛ ታይዴ ክፍሉ ውስጥ መግባት አልቻለችም። የሰልፉን መጨረሻ ግን ለማንም አልለቀቀችም፤ ባልዲ ባቀበለች ቁጥር አንገቷን ታስገባለች። መጀመሪያ "ስንት ሊሆን ነው? አይበቃም?" ትል ነበር። ልጇን ዓይኗን ጨፍና፣ ፀጉሯ ውሃው ላይ ተበትኖ ካየች በኋላ ግን ባልዲ መቁጠር ተወች።

"በቃ፣ ሞልቷል" አለች ሃሲንታ።

"የት ሞላ?" አለች ዶኛ ታይዴ። "ትከሻዋ ውጪ ነው! ልጄ ትከሻዋን ይበርዳታል! ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ምን ታወራላችሁ፣ አቀብሉ!"

"ዶኛ ታይዴ፣ ሊፈስ ነው።"

"ይፍሰስ!"

ኮሪደሩ ላይ ባልዲዎቹ ባሉበት ቆሙ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማ ሰው በኮረብታው የለም።

ልጅቷ የወጣችው ቀጥሎ በመጣው ምጥ ነው። ጭንቅላቷ ውሃው ውስጥ ታየ፤ አካሏ ገና ነው። ፊደንሲዮ የተማረውን ሁሉ ረሳ። "ሰመጠች!" ብሎ ጮኸና ከነቡትስ ጫማው ገንዳው ውስጥ ገባ።

"አንተን ማን አስገባህ! ውጣ!" አለች ሃሲንታ፤ እጇ ግን ከሥራው አልተነቃነቀም። ልጅቷ ተንሸራትታ ወጣች፤ ሃሲንታም ቀስ አድርጋ አነሣቻትና ኦዲሊያ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ወዲያው አላለቀሰችም። ዓይኗን ገልጣ አባቷን፣ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው አየችው። ከዚያ አለቀሰች። ኮሪደሩ ላይ ሴቶቹ ባልዲያቸውን እንደ ከበሮ መቱት።

ሃሲንታ ጥቂት ቆይታ "አሁን ወደ አልጋ፣ እንግዴ ልጁን እዚያ እንጠብቃለን" አለች። ኦዲሊያ "ትንሽ ብቻ" አለቻት። አዋላጇ የደሙን መጠን አየች፣ የልጅቷን ጀርባ ዳሰሰች፣ ትንሽ ፈቀደችላት።

የገንዳው መውረጃ ሲከፈት ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ውሃውን አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው አዩት። ዶኛ ታይዴ ፊቷን አዞረች። ቦቴው ላይ የቀረውን ግን ራሷ አከፋፈለችው፤ ግማሹ ለሆስፒታሉ፣ ግማሹ ለኮረብታው። ኤልፒዲዮን ሲያገኙት ታጥቦ፣ ንጹሕ ፒጃማ ለብሶ፣ የቴታነስ መርፌ ተወግቶ ነበር። "ከሁላችሁም በፊት የታጠብኩ እኔ ነኝ" እያለ ይኮራል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያን ቀን ሕሙማን ልጠይቅ ሆስፒታሉ ሄጄ ከባልዲው ሰልፍ መካከል ስለገባሁ ነው፤ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ፣ በአምስተኛዋና በስድስተኛዋ ሴት መካከል። የቀረውን ፊደንሲዮና ኦዲሊያ ነግረውኛል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊደንሲዮ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ኦዲሊያም ልጅቷን አቅፋ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ወደማስተምርበት ክፍል መጡ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር" አለኝ። "የጥምቀቷ ቀን ተቆርጧል። አባ ደግሞ እንደሚያውቁት በዛጎል የሕፃን ራስ ላይ ሦስት ጠብታ ጠብ ያደርጋሉ፣ ያውም ከቆጠቡ ሁለት። ልጅቷ ወደዚህ ዓለም ስትመጣ እስከ እናቷ ትከሻ ውሃ ነበራት። አሁን ወደ እግዚአብሔር ቤት ስትገባ በማንኪያ?" ቆቡን አዟዟረው። "እርስዎን ይሰሙዎታል። ሙሉ ሰውነቷን እንዲያጠልቋት ይንገሩልኝ። ገንዳውን እኛ እናመጣለን። ውሃ የለም ካሉም፣ እባክዎ፣ ቦቴው በር ላይ ቆሟል ይበሏቸው።"