የያሬድ መርከብ

የስደት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ሁሉ «በዚያች ጨለማ ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኛ የወጣነው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል የተባለው የጎንደር አውቶቡስ ጎማው ሲፈታ፣ ሾፌሩ ሲጠፋ፣ ረዳቱ ከተሳፋሪ ጋር ሲጣላ ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር፤ ወደ ቤት ተመለሺ ብንላት አሻፈረኝ አለች። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ያሬድ ሃያ ሁለት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇን በመስኮት አስገብታ የእሱን እጅ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችና «አደራ» አለችኝ። ለእሱ ምንም አላለችውም። ቅር ብሎት መተማ እስክንደርስ «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ?» እያለ ሲያስቀኝ ሄደ።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ሆናችሁ «አሜሪካኖቹ» እያላችሁ ለምትጠሩን ዘመዶቼ፣ እዚህ ሚኒሶታ ሆናችሁ ደግሞ በየግሩፑ የመርከብ ላይ ፎቶ ለምትለጥፉ ወገኖቼ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ አስቀድሜ ልናገር።

ሱዳንን፣ ሰሃራንና ሊቢያን ብዙ ሰው ጽፎታል፣ አልደግመውም። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ደላላው ሴቶችንና ሕፃናትን በአንድ ጀልባ፣ ወንዶችን በሌላ ጀልባ ለየ። «አንድ ላይ ነን!» ብዬ ስጮኽ ገፍትሮ ጣለኝ። ያሬድ ከወዲያ ሆኖ «ሂጂ፣ ቀድሜሽ ነው የምደርሰው» አለኝ። የእኛ ሞተር በሁለተኛው ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ መርከብ በአጠገባችን አለፈ፤ ሰዎቹ ቆመው እያዩን አለፈ። በአራተኛው ቀን የማልታ ወታደሮች አነሱን። የያሬድ ጀልባ ግን ማልታም አልደረሰች፣ ጣሊያንም አልደረሰች፣ ወደ ሊቢያም አልተመለሰች።

ማልታ ላይ እጄ ላይ ቁጥር አሰሩልኝና ስልክ እንድደውል ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። እናቴ የመጀመሪያ ቃሏ «ያሬድስ?» ነበር። «ደርሷል፣ ወንዶቹን ሌላ ቦታ ነው ያስቀመጧቸው» አልኳት። ያን ቀን እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ከወር በኋላ እንዳልሆነ ሳውቅ ለእናቴ ወንድም ለጋሼ መንግሥቱ ደወልኩና አለቀስኩ። «ሬሳ ሳይገኝ መርዶ አይነገርም» አሉኝ። «ደግሞ ልቧ ደካማ ነው። ዝም በይ፣ እኔ መላ እፈልጋለሁ።» የፈለጉት መላ ምን መሰላችሁ? ያሬድ ቱሪስት የሚያመላልስ ትልቅ መርከብ ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ተቀጠረ አሏት። ባሕር ላይ ኔትወርክ ስለሌለ አይደውልም። እኔም ተቀበልኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየእንቁጣጣሹ «ያሬድ ሰላም ብሎሻል» እያልኩ ኖርኩ። አንዴማ በስሙ ሹራብ ልኬላታለሁ። እሱን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ፤ ለያሬድም እንዳሳየው አደራ አለችኝ።

ከማልታ ወደ አሜሪካ ሲያሰፍሩን ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ወረቀቴን አይታ «ሚኒሶታ! እድለኛ ነሽ፣ አሥር ሺህ ሐይቅ አለ» አለችኝ። ውሃ ማየት የማይፈልግን ሰው የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር ሐይቅ ብሎ የሚጽፍ አገር ይመድቡታል። ሆፕኪንስ ከተማ የመጀመሪያ ቤቴን ያሳየኝ አከራይ መጋረጃውን በኩራት ገልጦ «ይኸው ውሃው ይታያል» አለ።

«የመኪና ማቆሚያው የሚታይበት የለዎትም?» አልኩት።

«ሰው እኮ ለዚህ እይታ ጨምሮ ነው የሚከፍለው።»

«እኔ እንዳላይ ነው የምከፍለው።»

ጤነኛ መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ የት ነው የምትሠሪው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። የመኪና ማቆሚያውን ግን ሰጠኝ። እዚያ ስድስት ወር በረዶ፣ ስድስት ወር የመንገድ ጥገና እያየሁ ኖርኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ፈገግ ይላሉ፤ ግቢና ውሃ ቅመሺ የሚል ግን አንድም የለም። ከዚያ ዳዊትን አገባሁ፣ ሊዲያን ወለድኩ፣ ክሪስታል የምትባል ከተማ ቤት ገዛን። እኔ እስከ ዛሬ ሆፕኪንስ እየተመላለስኩ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ዳዊት የጭነት መኪና ይነዳል።

ዘንድሮ ዳዊት ተነሳና «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቫኬሽን ወጥተን አናውቅም» አለ። ጓደኞቹ ሁሉ በመርከብ ሲዝናኑ ከርመዋል። ሊዲያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የክፍል ጓደኞቿ የማይሄዱበት የለም። እኔም ልጄ ከሰው እንዳታንስ ብዬ እሺ አልኩና ብሩክሊን ፓርክ ከተማ ሰሎሞን ዘንድ ሄድን። ሰሎሞን የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጥልን የእኛው ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ክሩዝ የሚሉትን የመርከብ ሽርሽር መሸጥ ጀምሯል።

«እህቴ፣ ኋላ እኔን እንዳትረግሚኝ ከአሁኑ ልንገርሽ» አለ። «ይሄኛው ዩሮፒያን ስታይል ነው። አሜሪካኖቹ ላይ ውሃ ፍሪ ነው። እዚህ በጠርሙስ ትገዣለሽ።»

«ውሃ ይሸጣሉ?»

«ይሸጣሉ። እራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አናውንስመንቱ በአምስት ቋንቋ ነው፣ ጆሮሽን ይበላዋል። ሰዉ ወረፋ አያውቅም፣ ይጋፋል። ሠራተኛውም እንደ አሜሪካ ፈገግ አይልልሽም። ግን ዋጋው ግማሽ ነው፣ ልጅ ደግሞ ፍሪ ነው።»

ዳዊት ሳቀ። «መጋፋትማ እኛ የአውቶቡስ ተራ ልጆች ነን!»

እኔ አልሳቅኩም። ውሃ የሚሸጥበት፣ በአምስት ቋንቋ የሚጮኽበት፣ ሰው የሚጋፋበትና ማንም ፈገግ የማይልበት መርከብ። ይሄን ስታይል ማን ነው ለእኔ የሚያስረዳኝ? እኛ ውሃ በጠርሙስ ክዳን ነበር የምንካፈለው፤ ክዳኑን የያዘው ሰው ለልጄ ብላ የለመነችውን ሴት ቀለበቷን አስወልቋታል።

ሰሎሞን ፎርሙን እየሞላ «ከዚህ በፊት ክሩዝ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንዴ።»

«በየትኛው ካምፓኒ?»

«ስሙን አልነገሩንም።»

ቀና ብሎ አየኝና ለዳዊት ጠቀሰው፤ ቀልድ መስሎታል። «ፈርስት ታይም ብዬ ልሙላው» አለ። ከዚያ መርከቡ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ማንበብ ጀመረ። ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ሲሲሊ። አምስተኛው ማልታ ነበር። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሰሎሞን ከኋላዬ «እስከ ሰኔ አጋማሽ ሆልድ አደርግላችኋለሁ!» ሲል ሰማሁት።

መኪና ውስጥ ዳዊትን ያላልኩት የለም። የያሬድን ነገር እሱ ያውቃል፣ ከጋሼ መንግሥቱ ሌላ የነገርኩት ብቸኛው ሰው ነው። «ማልታን አላየሁትም፣ ዋጋውን ብቻ ነው ያየሁት» አለ። «ደግሞ እስከ መቼ ነው? ልጅቷ የምትዋኝበት ገንዳ እንኳ ከልክለሻት አደገች።» እውነቱን ነው፣ ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ሳምንት ሙሉ እሄዳለሁ፣ አልሄድም፣ እናንተ ሂዱ፣ እናንተም አትሄዱም ስል ከረምኩ።

ነገሩን ያፈነዳችው ሊዲያ ናት። ከእናቴ ጋር እሁድ እሁድ በቪዲዮ ያወራሉ፤ ግማሹ በእጅ ነው የሚግባቡት። እኔ ኩሽና ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ «እማማ፣ እኛ ትልቅ መርከብ እንሄዳለን» ስትል ሰማሁ። ወዲያው የእናቴ እልልታ ቤቱን ሞላው። ሊዲያ ስልኩን ይዛ መጣች።

«ማም፣ ሁ ኢዝ ያሬድ? እማማ ሂ ወርክስ ኦን ዘ ሺፕ ትላለች።»

ለልጄ አጎት እንዳላት ነግሬያት አላውቅም። ለእናቴ የሞተውን ልጅ አኖርኩት፣ ለልጄ ደግሞ ጭራሽ እንዳልተወለደ አደረግሁት። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም፤ «ማን ተናገሪ አለሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። አልቅሳ ክፍሏን ዘጋች። እናቴ ስልኩ ውስጥ ሆና «በእሱ መርከብ ነው አይደል? እንዲህ አድርጎ እግዚአብሔር ሊያገናኛችሁ ነው!» ትለኛለች። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት የእናቴ ጎረቤት ልጅ ከአዲስ አበባ መጣችና መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ፌስታል ሰጠችኝ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ከላይ ደግሞ አዲስ ጋቢ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል በሰው አስጽፋ ጋቢው ላይ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዛበታለች። «ለያሬድ። ባሕር ላይ ይበርዳል» ይላል። እዚያው መኪና ማቆሚያ ቆሜ ለጋሼ መንግሥቱ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በቃኝ። ይነገራት።»

«አሁን? አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ? ምን ብዬ ልንገራት፣ ትናንት ሞተ ልበል?»

«እውነቱን ይንገሯት።»

«ደርሷል ብለሽ የጀመርሽው አንቺ ነሽ!»

«መርከብ ላይ የቀጠሩትስ ማን ናቸው?»

 «ያኔ ልቧ ደካማ ነበር» አሉ። ያ ደካማ የተባለ ልብ ይኸው ስንቱን ጠንካራ ቀብሮ ሰማንያ ሊሞላው ነው።

«የፊታችን እሁድ ካልነገሯት እኔው በስልክ እነግራታለሁ» አልኳቸው።

በስልክ መርዶ! ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩቶ የሚይዛት ሰው ሳይኖር! «አሜሪካ እንዲህ አደረገሽ?» አሉኝ። አዎ፣ አደረገኝ አልኳቸውና ዘጋሁ።

አዲስ አበባ እሁድ ሊነጋ ሲል እዚህ ገና ቅዳሜ ነው፤ በዚህ ወቅት ደግሞ በሦስት ሰዓትም ሰማዩ አይጨልምም። ከሥራ ወጥቼ ሆፕኪንስ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጋሼ ይደውላሉ ስል እናቴ ራሷ ደወለች።

«አንቺ» አለችኝ። ልጄ አላለችም። ከኋላዋ ሴቶች ይጮኻሉ። እሷ አታለቅስም።

«እማዬ...»

«ዝም በይ! አሥራ ስድስት ዓመት ተናግረሻል፣ ዛሬ እኔ ልናገር። እኔ ምን ስል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ? በየወሩ ጧፍ እያበራሁ ‹ባሕር ላይ ያለውን ልጄን በሰላም መልስልኝ› ስል ነው። ለቆመ ሰው የሚባለውን! የሞተ ሰው ፍትሐት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ለጎረቤቴ ልጅ ድንኳን አስጥዬ፣ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ደረቴን መትቼ አልቅሻለሁ። የራሴን ልጅ አንድ ‹ነፍስ ይማር› ሳይባልለት አስቀረሽብኝ!»

«ልብሽ ይደክማል ብለን ነው።»

«ልቤን ማን ጠየቀው? ልቤ የእኔ ነው!»

እኔ በእነዚህ ዓመታት ያልተናደድኩበት ሰው የለም፤ በደላላው፣ ቆሞ እያየ ባለፈው መርከብ፣ በቢሮዋ ሴትዮ፣ በዳዊት፣ በጋሼ። የእናቴ ቁጣ ግን በእኔ ላይ ነው። ልክ ነበረች።

«ቀኑን ንገሪኝ» አለች።

«የምን ቀን?»

«የተለያያችሁበትን ነዋ! ተዝካሩን በየትኛው ቀን ላውጣ?»

ያን ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የስደተኛ ጉዳይ መኮንኖቹ ሁሉ የጠየቁኝ የደረስኩበትን ነው። «የሰኔ ሚካኤል ማግስት» አልኳት። ለሆነ ሰው ደግማ ነገረችና «ጻፊው» አለች። «ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።»

ትንሽ የበረደላት ስለመሰለኝ ላስደስታት ፈለግሁ። «መርከቡንም ትቼዋለሁ፣ እማዬ። አልሄድም።»

«ያው ባሕር ነው?»

«የቱ?»

«መርከባችሁ የሚሄድበት። ልጄ የቀረበት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽና ነው የምትቀሪው?» ጩኸቷ ጆሮዬን ቀደደው። «እኔ ጉልበት የለኝ፣ አልሄድ! መቃብሩን አላይ! አንቺ በላዩ ላይ የሚያልፍ መርከብ አግኝተሽ ልሂድ አልሂድ ብለሽ ታማርጫለሽ? ትሄጃለሽ! ልጅሽንም ይዘሽ ትሄጃለሽ! ስትደርሺ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ፣ ሰው ያየኛል እንዳትይ!»

ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ ለሰሎሞን ደውዬ እንሄዳለን አልኩት። «ኮንግራጁሌሽን፣ እህቴ! በጣም ነው የምትዝናኑት» አለኝ። የጉዞው ቀን ገና ነው። እናቴ ከዚያ ጥሪ ጀምሮ ስልኬን አታነሳም። ተዝካሩንም ያወጣችው እኔን ሳትጠራኝ ነው፤ ከጋሼ ነው የሰማሁት። ሊዲያ ስትደውልላት ግን ታነሳለች፤ ስለ ያሬድ ትነግራታለች፣ ልጅ ሆኖ ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር። ሊዲያ ያልገባትን ቃል ወደ እኔ ዞራ ትጠይቀኛለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እተረጉምላታለሁ፣ ከካሜራው ውጪ ወለሉ ላይ ተቀምጬ።