ሙዘይን የወደቀበት እሑድ

ሙዘይን በወጣትነቱ ሬስሊንግ በሚባለው የትግል ትርዒት ተፋላሚ ነበር። ጥቁር ካባ ደርቦ ሁልጊዜ ክፉውን ሰው ነበር የሚጫወተው። ከሚኒሶታ እስከ ዳኮታ በሄደበት ሁሉ ሕዝቡ ያፏጭበታል፤ ሂርጳ የሚባለው ግዙፍ ጓደኛው አንስቶ ከመሬት ሲደባልቀው ደግሞ አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። ሚስቱ ከድሪያ አንድም ቀን ሄዳ አይታው አታውቅም።

«ባሌ ሲወድቅ ቁጭ ብዬ አላይም» ትል ነበር።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ከሂርጳ ጋር ተጣምረው ግጥሚያ አዘጋጅ ሆኑ። አዳራሽ ይከራያሉ፣ በገመድ የሚታጠረውን መፋለሚያ፣ ሪንጉን፣ በትራክ ወስደው ራሳቸው ይተክላሉ፣ ወጣቶቹን ያጋጥማሉ።

አንድ የጥር እሑድ ከሰዓት ዝግጅታቸው ዌስት ሴንት ፖል ነበር። የሙዘይን መኪና አልነሳ ስላለ ከድሪያ ድራይቭ አድርጋ አደረሰችው። በረዶው ስለበረታ መመለስ አቃታትና ካፖርቷን ሳታወልቅ ከኋላ ተቀመጠች። የዕለቱ ዋና ተፋላሚዎችም ሃይዌይ ላይ ቀሩ። ተመልካቹ ወለሉን በእግሩ ይደበድብ ጀመር።

«እንግባ እንዴ?» አለ ሂርጳ።

«በዚህ ጉልበት?»

«ቀስ ብለን ነዋ!»

ሙዘይን የድሮ ካባውን ደረበና ገቡ። መስኮቶቹን በረዶ ሸፍኗቸው የአዳራሹ ብርሃን ወተት መስሏል። ሁለቱ ሽበታሞች ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው በዝግታ ይዞራሉ፣ ይያያዛሉ፣ ይላቀቃሉ። ጫጫታው ቀስ በቀስ ረገበ። ከድሪያ መቼ እንደተነሳች ሳይታወቃት ከሪንጉ ገመድ አጠገብ ደርሳለች።

ሂርጳ ሙዘይንን ወደ ላይ አነሳው። ሙዘይን አየር ላይ ተንሳፈፈ፤ ካባው ተዘርግቶ ለአፍታ የሚወርድም አልመሰለም። ከዚያ የሪንጉ ጣውላ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ።

ከድሪያ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል የሂርጳን እጅ አየች። ሰፊው መዳፉ የባሏን ማጅራት ደግፎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ አሳረፈለት።

«ደህና ነህ?» አለ ሂርጳ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ሙዘይን ጣቱን ጨበጥ አደረገለት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከድሪያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ጠየቀችው።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚይዝህ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ከድሪያ በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች።

ሙዘይን ሲያነክስ ሰነበተ፤ ዳግመኛም ለግጥሚያ አልገባም። ከድሪያ ግን አሁን ከፊት ወንበር አትጠፋም፤ ክፉውን ሰው በሚጫወተው ወጣት ላይ እሷን የሚያህል የሚጮህ የለም። ሂርጳ ቤታቸው ሲመጣም ትልቁ ሳህን የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ ሙዘይን ቢያጉረመርም ሰሚ የለውም።