የቮልሴ ቤንዚን ሌባ

ነገሩ የደረሰው ካቻምና በጥር ወር ነው። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። ቢሆንም አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ ነገሩን ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የቢቸና ልጅ ነኝ። የማስተምረውም እዚያው ነው፣ ሒሳብ። ከአባቴ የወረስኳት፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ቮልስ አለችኝ። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ነው። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው ነፋስ ነው። የነዳጅ መቁጠሪያም ስለሌላት፣ አባቴ ምልክት ያበጀበትን እንጨት ታንኩ ውስጥ እየነከርኩ ነው የምለካው።

ያኔ ግቢያችን ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ሙሉቀን የሚባል የባጃጅ ሾፌር ከሚስቱ ከትዕግሥት ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሁለት ዓመት አብረውን ተቀምጠዋል። በዓል ሲሆን እንጠራራለን፤ ባለቤቴ ስትታመም ትዕግሥት ነበረች ቤቱን የያዘችልን።

ያን ሰሞን ቤንዚን ከከተማው ጠፋ። ማደያው ጋ ባጃጆች ገና ሳይነጋ ይሰለፋሉ። እኔ ቮልሷን የማወጣት በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። እንደ ምንም ብዬ ታንኩን ሞልቼ አቆምኳት። በሦስተኛው ቀን እንጨቱን ብነክር ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። ሌላ ሦስት ቀን ቆይቼ ለካሁ፤ እንደገና ጎደለ። መኪናዋ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

እንግዲህ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ግቢው ውስጥ ቤንዚን የሚያስፈልገው ሰው ማን ነው ብዬ አሰብኩ። መልሱ አንድ ነው።

በመሐል ባለቤቴ፣ ሙሉቀን «ቮልሷ ታንጠባጥባለች፣ ለመምህር ንገሪያቸው» እንዳላት ነገረችኝ። አሮጌ ቮልስ ዘይት ብታንጠባጥብ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ጥርጣሬዬ ባሰ። ሌባ ሲጨንቀው አስቀድሞ ምክንያት ያበጃል አልኩ በልቤ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሙሉቀን ከቮልሷ ኋላ በርከክ ብሎ አገኘሁት። በእጁ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዟል። ሲያየኝ ደነገጠና ጣሳውን ወደ ጎኑ ሸሸግ አደረገው። ሽታው ግን አይሸሸግም፤ ቤንዚን ነው። አልፌው ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የሰፈር ሽማግሎች ጠርቼ ፊታቸው አቆምኩት። ያየሁትን ተናገርኩ። ሙሉቀን ቀና ብሎ፣ «መምህር፣ ከሥር ነው...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል» አልኩት። «ጣሳው በእጅህ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ ከዚህ መኪና ቤንዚን ባጃጁ ውስጥ ገብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ እንዲመልስ ጠየቁት። ሙሉቀን መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ሽማግሎቹ ተያዩ። ለእኔ ከዚህ ወዲያ ምስክር አላስፈለገኝም። በሳምንቱ ቤቱን ለቀቁ። ትዕግሥት ፍራሿን ጋሪ ላይ ስትጭን ዞር ብላ አላየችኝም።

እኔ ግን ገና ከሽማግሎቹ ፊት እንደተነሳሁ የታንኩን ክዳን አሽጌው ነበር። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጬ ከክዳኑ ሥር አስገባሁ፤ ከላይም በላስቲክ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤንዚኑ መጉደል አቆመ። እንጨቱን በነከርኩ ቁጥር ምልክቱ ያው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ ለመምህራን ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ብዙም ሳይቆይ ቮልሷ አመል አወጣች። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ግን ትንተባተብና ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶር አወረድኩት። በውስጡ ያለውን ተንሳፋፊ አየሁ፣ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በአፌ ነፋኋቸው፣ ካንዴላ ቀየርኩ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ። አንዲት ቆሻሻ አላገኘሁም።

ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሙሉቀን ከመውጣቱ በፊት በበቀል ታንኩ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሯል አልኩ። ውሃ ይሁን ስኳር አላውቅም። ክዳኑን እንዳሸግኩት እያወቅኩ እንኳ፣ ከማሸጌ በፊት ቀድሞኝ ይሆናል እያልኩ ለራሴ መልስ እሰጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲደርስ እናቴን ይዤ ወደ ሞጣ ጉዞ ጀመርኩ። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ሁለት ጊዜ ቆመችብን። በሁለተኛው ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆሞ ልርዳችሁ አለ። የሙሉቀን ጓደኛ ቢሆንስ ብዬ «ምንም አልሆንን፣ ሂድ» አልኩት። እናቴ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ልጄ፣ ሰውን ሁሉ ሌባ አድርገህ እስከ የት ትደርሳለህ?» አለችኝ። እየቆምን እየተነሳን ሞጣ የደረስነው በሁለት እጥፍ ሰዓት ነው።

በማግስቱ የእህቴ ባል አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ጋሽ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ሞጣ ተወልደው ሞጣ ያረጁ ሰው ናቸው። አሮጌ መኪና ያየ መካኒክ ደህናውን ዕቃ በአሮጌ ይለውጣል ሲባል ስለሰማሁ ከአጠገባቸው ፈቀቅ አላልኩም። እጃቸውን እጃቸውን አያለሁ። እሳቸውም ገብቷቸው ነበር መሰለኝ፣ በርጩማ አስመጥተው «እዚህ ሆነህ ጠብቀኝ» አሉኝ።

ካርቡራቶሩን አልነኩትም። ሞተሩን አስነስተው እስኪጠፋ ጠበቁ። ሲጠፋ ወደ ፊት ሄደው ክዳኑን የጠቀለልኩበትን ሽቦ አዩና ማን እንዳሰረው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት፣ ታንኩ ረጅም ትንፋሽ እንደሳበ ሰው ሲያፏጭ ሰማሁ።

«ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት» አሉኝ። «መግቢያውን ደፍነህ ካርቡራቶሩን ምን አድርግ ትለዋለህ? ውሃ ጥም ይዞት ነው የሚሞተው።»

ሞተሩን አስነሱት። አልጠፋም። እኔ ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እሳቸው አፍንጫቸውን አሸት አሸት አድርገው ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት። ካርቶን አንጥፈው ከኋላ በኩል ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ቆይተው እኔንም ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከታንኩ የሚመጣው የብረት ቱቦ ከጎማው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት፣ ካርቡራቶር ሲወርድ በማይታይ ሥፍራ፣ ጎማው ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ክዳኑ ታሽጎ ሳለ አየር ስለማያገኝ ነጠብጣቡ ቆሞ ነበር። ቤንዚኑ መጉደል ያቆመው ለዚህ ነው። የሙሉቀንን ሌብነት ያረጋገጠልኝ መስሎኝ የነበረውም ያ ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ስንጥቁን በጣታቸው እየነኩ፣ ይህ ሞተር በውሃ የማይቀዘቅዝ የጋለ ብረት መሆኑን፣ ቤንዚን ቢረጭበት እኔንም እናቴንም በአንድ ላይ ያቃጥለን እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያም፣ «እንዲህ ሲያንጠባጥብ ያየ ሰው የለም?» አሉኝ።

እዚያው በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ፣ ሙሉቀን ለባለቤቴ የነገራት ትዝ አለኝ።

ቢቸና እንደተመለስኩ እነዚያኑ ሁለት ሽማግሎች ይዤ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። ሌባ ያልኩት ፊታቸው ስለሆነ ይቅርታም የምጠይቀው ፊታቸው መሆን ነበረበት። ጋሽ ኢድሪስ አውጥተው የቀየሩትን የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አሳየኋቸው። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ተናግሬ ጉልበቱን ልይዝ ስል ሙሉቀን ከለከለኝ። ግድ የለም ብሎ ዝም ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም።

«ትዕግሥት ከሰል የምታቀጣጥለው እዚያው አጠገብ ነበር» አለኝ። «እሳት እንዳይነሳ ብዬ ነው ጣሳውን ከሥር ያስቀመጥኩት። የተጠራቀመችውን ታንክዎ ውስጥ ልመልሳት ብል፣ ሲከፍት አየነው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ባጃጄ ውስጥ ጨመርኳት። ያን ዕለት ሽማግሌው ገባ ወይስ አልገባም ሲሉኝ፣ አልገባም ብዬ ልዋሽ አልቻልኩም። የቀረውን እንዳልናገር ደግሞ እርስዎ ዝም በል አሉኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ በእኔ ፋንታ እንባቸውን ጠረጉ። እኔ አላለቀስኩም፤ አፍሬ ነበር።

ወደ ግቢያችን እንዲመለስ ለመንኩት። አመስግኖ እንቢ አለ። አሁን ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ከዝናብም አውጥቶ ባጃጁ ላይ አሳፍሮኝ ያውቃል። ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ትዕግሥት ግን ገበያ ስንተላለፍ እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞራለች። ባለቤቴ ጊዜ ይፈታዋል ትላለች። እኔ ግን ባይፈታውም አልፈርድባትም። ቆሜ «እንዴት ዋልሽ» እላታለሁ፤ ሳትመልስልኝ ታልፋለች፤ በሚቀጥለው ገበያም ደግሜ እላታለሁ።