ቆጠራው የሚቆምበት ቦታ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለ ዓለም አጀማመር አስተማሩን። ሊቃውንቱ በሁለት ተከፍለዋል አሉ፤ ገሚሶቹ መጀመሪያ አለው ሲሉ ገሚሶቹ ሁልጊዜም የነበረ ነው ይላሉ፤ ገና አልተፈረደም። ይኸ «አልተፈረደም» ያሉት አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። ቤታችን ውስጥ ከፍርድ በቀር የሚወራ ነገር አልነበረምና።

እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ርብ ወንዝ ዳር ስላለች አንዲት ቁራሽ መሬት ትከራከር ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛባታል፤ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ ይዘራባታል። የያዛት አንድ የሩቅ ዘመዳችን ነው። በአገራችን ርስት የሚገኘው ትውልድ በመቁጠር ነበር፤ ወደ ላይ ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው የደረሰ ይካፈላል። ዘመዳችን ከአቅኚው ይወለዳል። እናቴ የምትወለደው ግን ከአቅኚው እኅት ነው። ቆጠራው አቅኚው ላይ ከቆመ ምንም የላትም፤ አንድ ትውልድ ወጥቶ አባታቸው ዘንድ ቢደርስ ድርሻ አላት።

አንድ ቅዳሜ ለክርክሩ ወደ ይፋግ በእግር ስንሄድ መምህሩ ያሉትን ነገርኳት። ያን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስንበት አላስታውስም።

«ሊቃውንቱ እስኪፈርዱ ድረስ ማን ያርሰዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዓለሙን ነዋ።»

አልሳቀችም። ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር።

ሽማግሎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ዘመዳችን ቆጥሮ ቆጥሮ አቅኚው ላይ ቆመ። «ከእርሱ በፊት እዚህ ውሃና ጉማሬ ነበር» አለ።

«አባት ነበረው» አለች እናቴ፤ «ከጉማሬ አልተወለደም።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። ዘመዳችንም ሳቀና «ምላስስ አላነሰሽም እቴ፤ ያነሰሽ መሬት ነው» አላት።

ከሁሉ የሸመገሉት እጃቸውን አነሡ። «እውነትሽን ነው ልጄ፤ አባት አለው። አባቱም አባት አለው። እንዲህ እያልን ብንወጣ አዳም ዘንድ ነው የምንደርስ፤ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ የፎገራ ሜዳ የማን ሊሆን ነው? የሆነ ቦታ መቆም አለብን።»

«መቆሙንስ እንቁም፤ ምነው ታዲያ እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል?»

ሽማግሎቹ ተመካከሩ። ቆጠራው አቅኚው ላይ ቆመ፤ መሬቱም ለዘመዳችን ጸና። ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወረታ እስክንገባ ከፊት ከፊት ሄደች። በዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ያችኑ መሬት ከዘመዳችን በእኩል ይዞ ማረስ ጀመረ። እናቴ አልከለከለችውም።

በኋላ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያው ጥያቄ እንደገና መጣ። መምህሩ ዓለም መጀመሪያ አለው የምትሉ እጅ አውጡ አሉ፤ ቀጥለው የለውም የምትሉ አሉ። እኔ በሁለቱም አላወጣሁም።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«አላውቅም» ብዬ ተቀመጥሁ።

ወሩ የካቲት ነበር። በዚያ ሰዓት እናቴ ርብ ዳር ጎንበስ ብላ፣ ግማሹ ለዘመዳችን የሚሄደውን ሽምብራ እየነቀለች ነበር።